ሻጩ «ለምን ፈለግከው?» ሲላችሁ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ክሬግስሊስት የሚባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ አሮጌ የስታንሊ መላጊያ አግኝቻለሁ። ሻጩ ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። መልሼ ልሸጠው ነው ያሰብኩት። ልሠራበት ነው ካልኩት ግን የሚቀንስልኝ ይመስለኛል። ምን ልበለው?»

ሦስት ቀን ሳልመልስለት ቆየሁ። ያንኑ ጥያቄ እኔም አንድ ቀን ተጠይቄ ነበር።

በ2009 እ.ኤ.አ. መኸር ላይ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ የኩሽና ካቢኔት እሠራ ነበር። ማታ ማታ አሮጌ የእጅ መሣሪያ የሚሸጡ ማስታወቂያዎችን ማየት ልማዴ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን «የአባቴ መላጊያ» የሚል አየሁ። ፎቶው ጨለማ ነው፤ ግን ወዲያው አወቅኩት። ስታንሊ ቁጥር 45።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ይህ መላጊያ ስለቱ እየተቀያየረ እንጨት ላይ ጎድጎድ ያወጣል፣ ጣውላን ወንድና ሴት አድርጎ ያጋጥማል፣ የበርና የመስኮት ጠርዝ ላይ ጌጥ ይሠራል። ኮነቲከት ውስጥ ያለው የኒው ብሪቴኑ ስታንሊ ኩባንያ ከ1880ዎቹ ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሠርቶታል። በኋላ የወጡት ከ20 በላይ ስለት ነበራቸው። ችግሩ ስለቶቹ በሌላ ሳጥን ነው የሚቀመጡት። ባለቤቱ ሲሞት መላጊያው አንድ ቦታ፣ ሳጥኑ ሌላ ቦታ ይቀራል። ስለቶቹ የሌሉት 45 ደግሞ ጎዶሎ ዕቃ ነው።

ፍሬድሪክ ከተማ አጠገብ ነበር ቤቱ። ሰውዬው 80 ዓመት ይሆነዋል። መላጊያውን በአሮጌ ሸሚዝ ጠቅልሎ አመጣልኝ። የኒኬል ቅቡ አልፎ አልፎ አሁንም ያበራል። እጀታው አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠቁሯል። ስለቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ተሰክቶ ያለው። 70 ዶላር አለኝ። ስለቶቹ እንደጎደሉ ነገርኩት። እውነቴን ነው፣ ጎድለዋል። ዝም ብሎ አየኝና «ለምን ፈለግከው?» አለ።

«አናጢ ነኝ። ልሠራበት ነው» አልኩት።

ፊቱ በራ። እጄን ይዞ ወደ ሳሎኑ መስኮት ወሰደኝ። አባቱ በዚያው መላጊያ የሠራው መስኮት ነው። ጣቴን ጎድጎዱ ላይ አድርጌ ከላይ እስከ ታች እንድዳስሰው አደረገኝ። አንድም ቦታ አልተንሸዋረረም። «40 ስጠኝ፤ ይበቃል» አለኝ። «አባቴ የሚሠራበት ሰው እንዳገኘ ቢያይ ደስ ይለው ነበር።»

ያን ጊዜ አልዋሸሁም፤ ልሠራበት ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ኢቤይ ላይ በስንት እንደሚሸጥ አየሁ። በነጋታው ጨረታ ላይ አወጣሁት። በሳምንቱ 120 ዶላር ሸጥኩት። ገንዘብ ቸግሮኝ ነው ብላችሁ ውሸት ይሆናል፤ አልቸገረኝም ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ስልኬ ጮኸ። ሰውዬው ነው። ምድር ቤት፣ ከቀለም ቆርቆሮዎች ኋላ የስለቶቹን ሳጥን አግኝቷል። «ከሁለቱ በቀር ሁሉም አሉ። ና ውሰድ፤ ገንዘብ አልፈልግም» አለኝ። ድምፁ የልጅ ደስታ ነበረው። «እሺ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩት። አልሄድኩም። እንደገና ደወለ። አላነሳሁም። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

አዲስ አበባ ሥራ ያስተማረኝ አለቃዬ ይህን ቢሰማ ያዝንብኝ ነበር። ልጅ እያለሁ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ይዞኝ ይሄድ ነበር። መጋዝ ሲገዛ ጫፉን ይዞ ያጎብጠውና ይለቀዋል። ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ጎብጦ ከቀረ ይተወዋል። ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ግን ሁልጊዜ «የማን ነበር?» ይላል። ያኔ የተሰረቀ ዕቃ ፈርቶ ይመስለኝ ነበር።

የዛሬ ልጆች መጋዝ አጉብጣችሁ ማየት አትችሉም፤ በፎቶ ነው የምትገዙት። ስለዚህ ፎቶ ጠይቁ። የመላጊያውን ሆድ ከታች፣ ስለቱ የሚወጣበት አፍ አካባቢ በቅርብ እንዲያነሱላችሁ። ስንጥቅ የሚደበቀው እዚያ ነው፤ የተሰነጠቀ ብረት ደግሞ ተበይዶ እንደ ድሮው አይሆንም። ስለቱ ወጥቶ ጀርባው ይታይ። ላይ ላዩን የያዘ ዝገት አያስፈራ፤ ኮምጣጤ ውስጥ ቢያድር ይለቃል። ስለቱ ጫፍ አጠገብ ጀርባውን የበሳው ዝገት ግን ዕቃውን ይገድለዋል። በፖስታ የሚመጣ ከሆነ ፈታትተው ለየብቻ እንዲጠቀልሉት ለምኑ። ጥሩ ፎቶ የሌለውን እለፉት። እኔ ራሴ ግን ከሁሉ የምወደውን መጋዝ የገዛሁት ከአንድ ደብዛዛ ፎቶ ነው፤ የፊላደልፊያው መጋዝ ሠሪ ዲስተን የሠራው ነው፣ እጀታው ላይ ያለችው ክብ ምልክት ብቻ ነበረች የምትታየው።

በጨረታ ላይ የመጨረሻ ዋጋችሁን ወረቀት ላይ ጻፉና አንድ ጊዜ አስገቡ። እልህ ውስጥ አትግቡ። ስለ አከፋፈሉ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ብዙ ወጣቶች መሣሪያ ገዝተው አጽድተው፣ መደርደሪያ ላይ ደርድረው ፎቶ ያነሱና እዚያው ያቆማሉ። እንጨት አልቆረጡበትም። ግን ደግሞ እኛ በዕድሜያቸው የማንጠይቀውን ይጠይቃሉ። ያ ልጅ ምን ልበለው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ማንንም አልጠየቅኩም ነበር።

ለእሱ የጻፍኩለት አጭር ነው። መነገድ ነውር የለውም። ልትሸጠው ከሆነ ልሸጠው ነው በለው። ዋጋ ከጨመረብህ ጨምረህ ግዛ ወይም ተወው። ልትሠራበት ከሆነ ስልክ ቁጥሩን አስቀምጥ፣ የሠራህበትን ፎቶ ላክለት።

የዚያን 45 ክፍሎቹን የሚያያይዙትን ሁለቱን ረጃጅም ዘንጎች፣ መላጊያውን ለገዢው ስልከው ጠቅልዬ ሳልከታቸው ቀርቻለሁ። አጫጭሮቹ መላጊያው ላይ ስለነበሩ ገዢው አልጠየቀኝም። የመሣሪያ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል አሉ። እንዳይዝጉ አልፎ አልፎ ዘይት እቀባቸዋለሁ።