ጠዋት ተረከዜን መርገጥ አቃተኝ፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ46 ዓመት መምህርት ነኝ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ቀኝ ተረከዜን ሚስማር የረገጥኩ ያህል ይወጋኛል። ትንሽ ስራመድ ይተወኛል፣ ተቀምጬ ስነሳ ግን እንደገና ይጀምረኛል። ወራት አልፈውታል። አንዱ ሪህ ነው ይለኛል፣ ሌላው ብርድ ነው። ራጅ ተነሳሁና አጥንት በቅሏል ተባልኩ። በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት?

መልስ፦ በጣም ያስጨነቀዎት የመጨረሻው ስለሚመስለኝ ከሱ ልጀምር። አይ፣ አጥንቱ ስለታየ ብቻ ኦፕራሲዮን አይደረግም። እንዲህ ያለ ሹል አጥንት ምንም በማያማቸው ብዙ ሰዎች ተረከዝ ላይም በራጅ ይታያል። ቢወጣም ሕመሙ ላይተውዎት ይችላል።

የነገሩኝ ምልክት ፕላንታር ፋሺያይተስ ከሚባለው ሕመም ጋር በደንብ ይገጥማል። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር እስከ ጣቶች ሥር የሚሄድ ወፍራም ጅማት አለ፤ ሕመሙ የዚህ ጅማት ነው። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ቀኑን ሙሉ መቆም፣ ስስ ጫማ፣ የክብደት መጨመር፣ የባት ጡንቻ መወጠር፣ እነዚህ ሁሉ ጅማቱን ተረከዙ ጋ በተያያዘበት ቦታ ይጎዱታል። ሌሊት እግራችን ተዘርግቶ ሲያድር ጅማቱ ይኮማተራል፣ ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ በድንገት ሲለጥጠው ነው እንግዲህ ያ ውጋት የሚመጣው። ሪህ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በድንገት ነው፣ በተለይ አውራ ጣት ላይ፣ በእብጠትና በመቅላት። ብርድም አይደለም።

ሕክምናው በእጅዎ ነው፣ ግን መደጋገም ይፈልጋል። ጠዋት ገና እግርዎ መሬት ሳይነካ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ። የሚያመውን እግር ሌላኛው ጉልበት ላይ ያስቀምጡና ጣቶቹን በእጅዎ ወደ ራስዎ ይሳቡ። ውስጥ እግርዎ ሲወጠር ይሰማዎታል። 10 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ ይድገሙት። በቀን 3 ጊዜ ይሥሩት፤ ከሁሉም ግን የጠዋቱን እንዳይዘሉብኝ። ባትዎንም ያፍታቱ፦ ግድግዳ ተደግፈው የሚያመውን እግር ወደ ኋላ ያድርጉ፣ ጉልበቱን ሳያጥፉና ተረከዙን ሳያነሱ 30 ሰከንድ ይቆዩ።

ቤት ውስጥ በባዶ እግር ወይም በስስ ነጠላ ጫማ መሄድ ለጊዜው ይቅር። ተረከዙ ላይ ወፈር ብሎ ለስለስ ያለ፣ የውስጥ እግርን ጉድጓድ የሚደግፍ ጫማ ያድርጉ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀው ብዙ ሰዓት የሚቆሙ ከሆነ ወፍራም ምንጣፍ ያለበትን ቦታ ይምረጡ፣ ሲደክምዎትም ይቀመጡ። ክፍል ውስጥም በየመሃሉ ወንበር ይጠቀሙ። ማታ ላይ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዘው ካልሲ እንዳደረጉ ውስጥ እግርዎን 10 ደቂቃ ያህል እያንከባለሉ ይሹበት። ወጌሻ ጋ ሄዶ ሕመሙ ያለበትን ቦታ በኃይል ማሳሸትን ግን አልመክርዎትም፣ የተጎዳውን ጅማት ሊያባብሰው ይችላል።

ኢቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ያስታግሳል፣ ግን ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ካለብዎት ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። ተረከዝ ላይ የሚሰጠው የስቴሮይድ (ብግነትን የሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ፋታ ይሰጣል፣ ሲደጋገም ግን ጅማቱን ሊበጥስና የተረከዝን ስብ ሊያሳሳ ስለሚችል እንደ መጀመሪያ መፍትሄ አይጠይቁት።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎት፦ ይህ ሕመም በሳምንት አይለቅም። አብዛኛው ሰው ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል፣ ግን ወራት ይፈልጋል፣ አንዳንዴ እስከ አንድ ዓመት። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠው ማሳሳቡን ሲተዉት አያለሁ፣ ያ በጣም ያሳዝነኛል።

ሕመሙ ተኝተውም የማይተውዎት ከሆነ፣ እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ካቃጠለዎት፣ ተረከዙ ካበጠና ካተኮሰ፣ ወይም ከወደቁ በኋላ የጀመረ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይይዎት። ስኳር ካለብዎት ደግሞ የበረዶውን ጠርሙስ ይተዉት፣ ሙቅ ውሃም አይንከሩ፤ እግርዎ ስሜቱ ከቀነሰ ቆዳዎ ሲጎዳ ላይታወቅዎት ይችላል።