መልስ፦ ኢስቶኒያ በቴክኖሎጂ እንዴት ቀደመች?

ወንድሜ፣ ከሶቪየት የወጡ አገሮች ያን ሁሉ ችግር ተሸክመው በቴክኖሎጂ እንዴት ቀደሙ ብለህ ለጠየቅከው፣ ኢስቶኒያን ልጥቀስልህ። ለእኔ ትልቁ ምክንያት ትምህርት ነው። ሶቪየቶች በሂሳብና በፊዚክስ ቀልድ አያውቁም ነበር። በኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ውስጥ የሳይበርኔቲክስ (የኮምፒውተርና የቁጥጥር ሥርዓት ሳይንስ) ኢንስቲትዩት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በ1991 ነፃነት ሲመጣ ባለሙያው እዚያው ነበር።

በ1996 ደግሞ ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የሚያዳርሰው «የነብር ዝላይ» የተባለው ፕሮግራም ይፋ ሆነ። ይሄ ውሳኔ ሁሌ ይደንቀኛል። አገሪቱ እኮ ገና በሁለት እግሯ አልቆመችም!

በ2003 የወጣውን፣ በኢንተርኔት ስልክ የሚያስደውለውን የስካይፕ ሶፍትዌር የጻፉት የኢስቶኒያ ልጆች ናቸው። የአሜሪካው የኢንተርኔት መገበያያ ኩባንያ ኢቤይ በ2005 በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ ገንዘቡም ልምዱም ወደ አዳዲስ ኩባንያዎች ፈሰሰ። ገንዘብ ከአገር አገር ከሚያስተላልፈው ኩባንያ ከዋይዝ መሥራቾች አንዱ ታቬት ሂንሪኩስ የስካይፕ የመጀመሪያ ተቀጣሪ ነበር።