ኮንግረስ ለመሥራት የትኛው ማስተርስ ይሻላል? ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፖለቲካል ሳይንስ ጨርሰሻል። ኮንግረስ ለመሥራት ሌጂስሌቲቭ አፌርስ (የህግ አወጣጥ ሥራ)፣ ፐብሊክ ፖሊሲ (የመንግሥት ፖሊሲ ጥናት) ወይስ ህግ ልማር ብለሽ ጠይቀሻል። ቤተሰብሽ "ህግ ብትማሪ ይሻላል" እንደሚልሽም ጽፈሻል። (ሀኪም ካልሆንሽ ያው ጠበቃ ነው፤ አይፈረድባቸውም።)

እኔ አንዲት የተወካዮች ምክር ቤት (የኮንግረሱ አንዱ ክንፍ) አባል ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ምክሬ መጀመሪያ ሥራው ውስጥ ግቢ፣ ትምህርቱን ከዚያ ትደርሺበታለሽ ነው።

የአንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ ቋሚ ሠራተኛ ከ18 አይበልጥም፤ ያውም የዋሽንግተኑና የምርጫ ክልሉ ተደምሮ። የአብዛኛው ሰው መግቢያ ኢንተርንሺፕ (የልምምድ ሥራ) ነው፣ ቀጥሎ ስታፍ አሲስታንት (ጀማሪ ረዳት ሠራተኛ)። ስልክ ታነሻለሽ፣ እንግዳ ታስጎበኛለሽ። ማስተርስ ያላቸው ልጆች ከጎኔ ተቀምጠው ያንኑ ስልክ ሲያነሱ አይቻለሁ። ልዩነታችን እነሱ ዕዳ ነበረባቸው። ደግሞ ስልኩን አትናቂው። እ.ኤ.አ. በ2018 ምክር ቤቱ ስለ ኢትዮጵያ ያወጣው ውሳኔ 128 ከመጽደቁ በፊት የኛ ሰው ወደየተወካዩ ቢሮ ሲደውል ነበር። እንዲህ ያለውን ጥሪ መዝግቦ ለአለቃ የሚያደርሰው ያ ስልክ አንሺ ነው።

ሥራው ራሱ ምን ይመስላል? የድምፅ መስጫው ደወል ይጮሃል። አለቃሽ ድምፅ ልትሰጥ በምድር ቤቱ መተላለፊያ እየተጣደፈች ነው። አንቺ ከጎኗ እየሄድሽ ረቂቁ ምን እንደሚል፣ ከክልሏ ማን እንደሚደግፍ፣ ማን እንደሚቆጣ በሦስት ዓረፍተ ነገር ትነግሪያታለሽ። ከፖሊሲ ትምህርት ቤት የመጣ ጎበዝ ባልደረባ ነበረን፤ ገና እንደገባ 12 ገጽ ሜሞ ጻፈ። አለቃችን የመጀመሪያውን ገጽ ገንጥላ ያዘች፣ 11ዱን መለሰችለት።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ሌጂስሌቲቭ አፌርስን ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። የኮሚቴ አሠራር፣ የስብሰባ ደንብ፣ በጀት፣ ሎቢ (ህግ አውጪዎችን የማግባባት ሥራ) ትማሪያለሽ። የተሠራው ሥራ ላይ ላለ ሰው ስለሆነ ማታ ማታ መማር ይቻላል። ትልቁ ጥቅሙ አብሮሽ የሚማረው ሰው ነው፤ ነገ የሌላ ቢሮ ኃላፊ ሊሆን ይችላል። ከዋሽንግተን ከወጣሽ ግን "ምንድን ነው እሱ?" የሚልሽ ይበዛል። ገና ኮንግረስ ሳትገቢ መግቢያ ይሆነኛል ብለሽ ባትከፍዪበት እመርጣለሁ።

ፐብሊክ ፖሊሲ፣ ለምሳሌ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲው ማኮርት ትምህርት ቤት፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሚክስ ይበዛበታል። ቁጥር ከወደድሽ ሂጂበት። የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤትና የምርምር አገልግሎቱ ተንታኝ ሲቀጥሩ ማስተርስን በደንብ ያዩታል። የአባላት ቢሮ ያን ያህል ግድ የለውም።

ህግ የሚያዋጣው የኮሚቴ አማካሪ ጠበቃ መሆን ከፈለግሽ ነው፤ በተለይ የፍትህ ኮሚቴ። ጆርጅታውን የማታ የህግ ትምህርት አለው፣ ግቢውም ከካፒቶሉ (የኮንግረሱ ሕንፃ) በእግር ይደረሳል። እየሠራሽ ትማሪያለሽ። "እስቲ ህግ ልማርና ከዚያ አያለሁ" ማለት ግን ውድ ማመንታት ነው።

ገንዘቡ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ለማስተርስ ከፌዴራል መንግሥት በዓመት የሚያገኘው ቢበዛ 20,500 ዶላር ነው፤ ለህግ 50,000። ቀሪውን ከኪስሽ ወይ ከግል ባንክ ነው። በምክር ቤቱ ቢሮዎች ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2022 45,000 ዶላር ሆኗል፤ በዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ያለችውን የአሌክሳንድሪያን ኪራይ አስቢው። ቢሮዎች ግን ሠራተኛ እንዲቆይላቸው የትምህርት ዕዳ የሚከፍሉበት ፕሮግራም አላቸው። ስትቀጠሪ ጠይቂ፣ ካልጠየቅሽ የሚነግርሽ የለም።

ያልጻፍሽው አንድ ነገር፦ ወረቀትሽ ምንድን ነው? ለሚከፈል ሥራ ዜጋ መሆን ይፈለጋል፤ ግሪን ካርድ ብቻ ካለሽ ዜግነት ለመውሰድ በሂደት ላይ መሆንሽን ማሳየት ይጠበቅብሻል። ማመልከቻ ከመበተንሽ በፊት እሱን ጨርሺ።