መልስ፦ የኢንተርኔቱ «ቦት» ከቦት ጫማ ጋር ይገናኛል ወይ ላልከው

አይገናኝም አቦ። ቦት ማለት ሮቦት ከሚለው ቃል ፊቱ ተቆርጦ የቀረው ጭራው ነው። ሮቦት ራሱ ሮቦታ ከሚል የቼክ ቃል ነው የመጣው፣ ገባር ለባላባቱ በግድ የሚሠራው ሥራ ማለት ነው፣ ድሮ በኛ አገር ሁዳድ ሲወጡ እንደነበረው በለው። የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ቴአትር ነው የታወቀው፣ ቃሉን ያቀበለው ግን ወንድሙ ዮሴፍ ነው (ሰው ሁሉ እሱን ይረሳዋል)።

ኢንተርኔት ላይ ያለው ቦት አካል የለውም፣ የታዘዘውን ሳይሰለች የሚደጋግም ፕሮግራም ነው። ቴሌግራም ላይ ዩዘርኔሙን እይ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ቦት ይላል።

ብቻ ቦቱ የአካውንትህን መግቢያ ኮድ ከጠየቀህ ዝጋው። እኔ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ነጻ ካርድ እሰጥሃለሁ ላለኝ ቦት ስልኬ ላይ የገባውን ኮድ ላኩለት፣ በማግስቱ አካውንቴ ጓደኞቼን በሙሉ ብር አበድሩኝ ሲል ዋለ።