ውስጡስ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጋራዥ መጥቶ «ጋሼ፣ ለላንድክሩዘር ፓራውልት የዱቄት ቀለም ይሻላል ወይስ ተራው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደዋዛ መለስኩለት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1998 ዓ.ም. ነው። ከመቀሌ ዳሎል ቱሪስት የሚያመላልስ አንድ ሹፌር መጣ። ያለችው ያቺ መኪና ብቻ ነበረች። ከኋላ ተቀያሪ ጎማና ጀሪካን የሚሸከም ፓራውልት ከቱቦላሬ ሠራሁለት፤ ጥቁር ቀለም ለቀለቅሁት፤ እንደ መስታወት አበራ። ሰውየው ዞር ዞር ብሎ አየና ቱቦውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ «ውስጡስ?» አለኝ። ሳቅሁበት። «ውስጡን ማን ያየዋል?»

ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ የጨው አገር ነው። ውሃ ሲተኛበት መኪናው የሚሄደው በጨው ውሃ ላይ ነው። ያ ውሃ በብሎን ቀዳዳ ገባ፤ ከሥር መውጫ አልተውኩለትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ጎማው መንገድ ላይ ተገንጥሎበት እንግዶቹ እግር ሥር ጭኖት ነው የገባው። የተሰበረውን ቁራጭ ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አራገፈው፤ የተፈጨ ቡና የመሰለ ዝገት ፈሰሰ። ውጪው እስከዚያ ቀን ያበራል! እኔ ግን ምን አልኩት? «አታጥበውም ነበር ማለት ነው።» «በየጉዞው አጥባለሁ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ቱቦው አይደለም የሚቆጨኝ፣ ያቺ ቃል ናት።

ዝገት አራግፉ፣ ቅባት ጥረጉ አልላችሁም፤ ይህን የማያውቅ ብየዳ አይንካ። ለጨው አገር ግን የቀለጠ ዚንክ ውስጥ የሚነከረው ይበልጣል፤ 450 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ውስጡም ይገባል። ቱቦው ካልተበሳ ግን ገንዳው ውስጥ ይፈነዳል። ብየዳው ከመነከሩ በፊት ይጠናቀቅ፤ ዚንክ ሲበየድ ጭሱ ያሳምማልና። እኛ ዚንክ ያለበትን ስንበይድ አለቃችን ወተት ያጠጡን ነበር፤ ማታ ትኩሳቱ አልቀረልንም። በዚንክ ላይ ደግሞ ተራ የዘይት ቀለም አትቀቡ፤ ከዚንኩ ጋር ሳሙና ይሆንና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።

የዱቄቱ ቀለም በደረቁ ተረጭቶ በምድጃ ስለሚጋገር ጠንካራ ነው። ጠጠር ከፈነከተው ግን ጨው ከሥሩ ይሾልካል፤ ከሥር ዚንክ ያለበት ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ቅብ፣ ይፈልጋል። የዛሬ ልጆች ቦሌ አስፋልት ላይ ለሚውል መኪና ደብዛዛ ጥቁር ሲሉ ደሜ ይፈላል። የራሴ መኪና ፓራውልት ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በብሩሽ የተቀባ ነው፤ ሲፈነከት ራሴ እጠግነዋለሁ።

ያ ልጅ እንኳ ከመሥራቱ በፊት ጠየቀ፤ እኔ በእሱ ዕድሜ የጠየቀኝን ሳቅሁበት። ቅዳሜ ቱቦላሬውን ይዞ ይምጣ። መጀመሪያ ከሥሩ እንበሳዋለን፤ የቀለሙን ነገር ከዚያ እናወራለን።