ዜኒቷን አትጣያት

ጥያቄ፦ አባቴ ተማሪ ሳለ ከሞስኮ ያመጣት ዜኒት-ኢ ካሜራ አለችኝ። አንድ ፊልም አንስቼ አሳጠብኩ። ገሚሱ ፎቶ ነጭ በነጭ ሆነ። በ500 ፍጥነት (1/500 ሰከንድ) ያነሳኋቸው ደግሞ በአንድ ጎናቸው ጠቁረዋል። ተበላሽታ ነው?

መልስ፦ ሁለት ችግር ነው ያለሽ። አንዱ የአንቺ፣ አንዱ የእድሜዋ።

መጀመሪያ ኔጋቲቩን መስኮት ላይ ዘርግተሽ እዪው። ፎቶው ላይ ነጭ የሆነው እዚህ ከሰል መስሏል አይደል? ብርሃን በዝቶበታል። ሌንሷ ሄሊዮስ 44-2 ከሆነ ሁለት ቀለበት አለው። አንዱ ጠቅ ጠቅ እያለ ይዞራል፣ ሌላው ያለ ድምፅ ይንሸራተታል። የመጀመሪያውን 8 ላይ ስታደርጊ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ገና አልጠበበም፤ የት እንደሚቆም ብቻ ነው የነገርሽው። ፎከስ ካደረግሽ በኋላ ሁለተኛውን እስኪቆም አዙሪው። ስታዪበት ጨለም ይልብሻል፣ ያኔ ተኩሺ። ከረሳሽው ያነሳሽው ቀዳዳው በሰፊው እንደተከፈተ፣ በ2 ነው፤ ከ8 ጋር 16 እጥፍ ብርሃን ይለያያል። እኔም ስጀምር የአንድ ሰርግ ፊልም እንዲሁ አበላሽቻለሁ። የሙሽራዋ ቬሎና ግድግዳው አንድ ሆነው ቀሩ።

የጠቆረው ጎን የመጋረጃ ጣጣ ነው። ከፊልሙ ፊት ሁለት የጨርቅ መጋረጃ አለ። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይከተለዋል። በ30 ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ይገለጣል፤ በ500 ግን የሚያልፈው በመካከላቸው ያለ ቀጭን ክፍተት ብቻ ነው። ቅባቱ ሲደርቅ ፊተኛው ይንቀረፈፋል፣ ኋለኛው ይደርስበታል፣ ክፍተቱ መንገድ ላይ ይዘጋል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ፊልም ሳይኖር ጀርባዋን ክፈቺ፣ ሌንሱን ፍቺ፣ ወደ መስኮት አዙረሽ በ500 ተኩሺ። ከኋላ በስልክሽ ስሎው ሞሽን ቅረጪው። ብርሃኑ ዳር ሳይደርስ ከጠፋ እሱ ነው።

አደራ፣ ዘይት እንዳትነፊባት! የበር ማጠፊያ አይደለችም። ጨርቁ ዘይት ከጠጣ ጣጣው ይብሳል። የሚያጸዳልሽ ባለሙያ እስክታገኚ በ60 ወይም በ125 አንሺ። የፊልሙ ISO (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ከሆነ በጠራ ፀሐይ 125 ፍጥነት ከ16 ቀዳዳ ጋር ይበቃሻል።

ከሌንሱ በላይ ያለው የብርሃን መለኪያ ሴሌኒየም (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ስለሆነ ባትሪ አይፈልግም። በእጅሽ ሸፍኚው። መርፌው ንቅንቅ ካላለ ሞቷል፤ በስልክሽ አፕ ለኪ።