መልስ፦ ዲቪዲው ምስል ያመጣል፣ በኦፕቲካል (ድምፁን በብርሃን በሚያሳልፈው ገመድ) ግን ድምፅ የለም

ወንድሜ፣ ምስሉ ካለና አምፕሊፋየሩ ብቻ ፀጥ ካለብህ ማጫወቻው የተበላሸ አይመስለኝም፣ ሰሪ ጋ ወስደህ ብርህን አታስበላ። ሪሞቱ ላይ ሴትአፕ በል (አንዳንዱ ዲስኩን ስቶፕ ካላደረግከው ኦዲዮ የሚለው ደብዝዞ እምቢ ይላል) ከዛ ኦዲዮ ውስጥ ገብተህ ዲጂታል አውትፑት ወይም ኤስፒዲአይኤፍ የሚለውን ፈልግ። ቢትስትሪም ወይም ሮው ላይ ከሆነ ዲቪዲው ዶልቢውን (ታምቆ የተቀዳውን የፊልም ድምፅ) ሳይፈታ እንዳለ ነው የሚልከው፣ ያንተ አምፕሊፋየር ደግሞ መፍታት ካልቻለ ወይ ዝም ይላል ወይ ይንሿሿል። ፒሲኤም (ማጫወቻው ራሱ ፈትቶ የሚልከው) አድርገው። በፒሲኤም ኦፕቲካሉ 2 ቻናል ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ 5.1 (የስድስት ስፒከር ድምፅ) ካማረህ ዶልቢ የሚፈታ አምፕሊፋየር ግድ ነው።

ንግግሩ አይሰማም ሙዚቃው ግን ጎረቤት ይቀሰቅሳል ላልከው፣ ዳውንሚክስ (የሁሉንም ስፒከር ድምፅ ወደ ሁለት የሚያጠቃልለው) የሚለውን ስቴሪዮ አድርገው፣ 5.1 ፊልም ላይ ንግግሩ በብዛት የሚወጣው በመሀል ስፒከር ስለሆነ ነው። ናይት ሞድ (ጮክ ያለውንና ቀስ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው) ካለውም አብራው።

አሁንም እምቢ ካለ ሀዋሳ ፒያሳ ወርደህ ሌላ ገመድ ከመግዛትህ በፊት አምፕሊፋየሩ ጋ ያለውን ጫፍ ንቀልና መዳፍህ ላይ አስጠጋው፣ ቀይ መብራት ካልታየ ወይ ዲጂታሉ ኦፍ ነው ወይ ገመዱ ውስጡ ተሰብሯል። እስከዛ በቀይና ነጩ ገመድ ስማ፣ እሱን ይሄ ቢትስትሪም ምናምን አይነካውም።